የታናግራ ሴቶች ቀለም፦ መሣሪያዎቹ የሚያዩትና የማያዩት

ግሪኮች ሐውልቶቻቸውን ቀለም ይቀቡ ነበር የሚለው ዜና በየጥቂት ዓመቱ እንደ አዲስ ይነገረናል። የቅርቡ ትልቅ ዙር እ.ኤ.አ. በ2023 መገባደጃ ላይ ነበር። በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም በሚገኙት፣ ፓርተኖን ከተባለው የአቴና ጥንታዊ መቅደስ በተወሰዱት ቅርጻ ቅርጾች ላይ ሰማያዊና ሐምራዊ ቀለም ተገኘ ተባለ፤ ጋዜጦች ተቀባበሉት፤ በማኅበራዊ ሚዲያም «ለካስ ነጭ አልነበሩም!» የሚለው አስተያየት ጎረፈ። ጥናቱ በእርግጥም ትልቅ ሥራ ነው። ግራ የሚያጋባው እኛ በተነገረን ቁጥር እንደ አዲስ መደነቃችን ነው።

ጥንታውያኑ ራሳቸው ነገሩን አልደበቁትምና። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ412 ዓመት አቴና ላይ በታየው የዩሪፒደስ ተውኔት፣ ሔለን መልኳ ያመጣባትን መከራ እያማረረች ውበቷ ከሐውልት ላይ ቀለም እንደሚጠረግ ተጠርጎ ቢጠፋላት ትመኛለች። ፕላቶ ደግሞ ሐውልት የሚቀባን ሰው በምሳሌነት ያነሣል፦ ከአካል ሁሉ የሚያምረው ዓይን ሆኖ ሳለ ለምን ከቀለም ሁሉ የሚያምረውን ሐምራዊ ትተህ በጥቁር ቀባኸው ብሎ የሚከራከር ቢመጣ ምን ትመልሳለህ ይላል። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒም ታላቁ ቀራጺ ፕራክሲተለስ ከሥራዎችህ የትኞቹን ትወዳለህ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሠዓሊው ኒኪያስ እጁን ያሳረፈባቸውን ነው ማለቱን ጽፎልናል።

ስለዚህ «ቀለም ነበራቸው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ያለቀለት ነው። ያላለቀው ማን ቀባቸው፣ በምን ቀባቸው፣ ቀለሙ ከየት መጣ፣ በኋላስ የት ገባ የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ የመቅደስ ግንባር ላይ የቆሙት ግዙፍ አማልክት ጥሩ ምስክር አይደሉም። ከ2 ሺህ ዓመት በላይ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅባቸው ኖሯል፤ የፓርተኖኖቹማ በ1930ዎቹ በሙዚየሙ ውስጥ «ነጭ ይሁኑ» ተብለው በመዳብ መሣሪያ ሳይቀር ተፍቀዋል። የተሻለ የሚናገሩት ከስንዝር እምብዛም የማይበልጡት፣ በመቃብር ጨለማ ውስጥ የኖሩት የሸክላ ምስሎች ናቸው።

ከእነዚህ ሁሉ ዝነኞቹ ከአቴና በስተሰሜን በቦዮቲያ ምድር ከነበረችው ከጥንታዊቷ የታናግራ ከተማ የወጡት ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1870 ጀምሮ በዙሪያዋ ያሉ መቃብሮች በዘረፋ ሲከፈቱ ትናንሽ የሸክላ ሴቶች በብዛት መውጣት ጀመሩ። በመጎናጸፊያ የተጠቀለሉ፣ አንገታቸውን ዘንበል ያደረጉ፣ አንዳንዶቹ ማራገቢያ የያዙ፣ አንዳንዶቹም ጫፉ ሾጠጥ ያለ ሰፊ ባርኔጣ ያጠለቁ ናቸው። አብዛኞቹ የተሠሩት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ330 እስከ 200 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የግሪክ መንግሥት ባለሙያ ልኮ ነገሩን ሥርዓት ለማስያዝ ሲሞክር ብዙው ወጥቶ ተሽጦ አልቆ ነበር። በ1878ቱ የፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ ሲቀርቡ ከተማዋ አበደችላቸው። ቀራጺውና ሠዓሊው ዣን ሊዮን ዤሮም በ1890 ታናግራን በሴት አምሳል በእብነ በረድ ቀርጾ ቀለም ቀባት፤ በእጇም አንዲት ትንሽ ምስል አስያዛት። ዤሮም በዚህ ነገር ከብዙዎቹ የዘመኑ ሰዎች ቀድሞ ነበር ማለት ይቻላል፤ እሱ ያየው ነጭ ሸክላ ሳይሆን በእጥፋቱ ውስጥ የተረፈ ሮዝና ሰማያዊ ነበርና።

አሠራራቸው ቀላል ነው፤ ቀላልነቱም ለዚህ ታሪክ ወሳኝ ነው። ሠሪው በፎርማ ያወጣቸዋል። የፊት ለፊቱ ገጽ በጥንቃቄ በተሠራ ፎርማ ላይ ስስ ሸክላ ተጠቅጥቆ ይወጣል፣ ጀርባው ብዙ ጊዜ ሜዳ ሆኖ ይቀራል፣ መሐሉ ባዶ ነው፣ በእሳት ጊዜ እንዳይፈነዳ ከኋላ ቀዳዳ ይተውለታል። ጭንቅላቱ ለብቻው ተሠርቶ በጭቃ ይጣበቃል። የአቴናው ተናጋሪ ኢሶክራተስ በክርስቶስ ልደት ፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ራሱ ክብር ሲከራከር፣ የእኔን ሥራ ከክስ ጽሑፍ ጋር ማመሳሰል የእንስት አምላኳን የአቴናን ሐውልት የሠራውን ታላቁን ቀራጺ ፊዲያስን የሸክላ አሻንጉሊት ሠሪ ብሎ እንደ መጥራት ነው ይላል። ለስድብ የሚበቃ ሙያ ነበር ማለት ነው። ስማቸውን የጻፈልን የለም፤ የኖሩበትን የምናውቀው ከሥራቸውና ከቀለማቸው ብቻ ነው።

ቀለሙ የሚቀባው ምስሉ ከእሳት ከወጣ በኋላ፣ በቀዝቃዛው ነው። ለምን ቢባል ምርጫ ስላልነበራቸው ነው። የታወቁትን የግሪክ የሸክላ ዕቃዎች ጥቁርና ቀይ አድርጎ የሚያወጣው ዘዴ የሸክላውን አፈርና የእሳቱን አየር እየቀያየሩ የሚሠራ ነው፤ ሰማያዊ ወይም ሮዝ አያወጣም። ሮዙን የሚሰጠው የዕፅ ቀለም በእሳት ይቃጠላል። ሲናባር የተባለው ደማቅ ቀይ ከባዚቃና ከድኝ የተዋሐደ ስለሆነ በምድጃ ሙቀት ተንኖ ይጠፋል። ቢጫው አፈር ሲሞቅ ውሃውን ያጣና ራሱ ቀይ ይሆናል። አረንጓዴው የመዳብ ማዕድን ይጠቁራል። ስለዚህ ምስሉ ተተኩሶ ከበረደ በኋላ፣ አስቀድሞ በነጭ አፈር በተለበጠው ገላው ላይ ቀለሙ በሆነ ማጣበቂያ ተበጥብጦ ይቀባል። ነጩ ልባስ ብዙውን ጊዜ ካኦሊን ነው፤ ለቀለሙም ብርሃን የሚሰጠው እሱ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ማጣበቂያው ከእንቁላል፣ ከሙጫ ወይም ከቆዳ ፍቅፋቂ የተሠራ ይሁን፣ በመሬት ውስጥ መበስበሱ አይቀርም። ከ23 ክፍለ ዘመን በኋላ ምስሉ ሲወጣ ቀለሙን ከሸክላው ጋር ያያያዘው ነገር የለም፤ ይልቁንም ከላይ ከተጋገረው አፈር ጋር ነው የሚጣበቀው። አፈሩ ሲደርቅና ሲላቀቅ ቀለሙን ይዞት ይሄዳል። በ1870ዎቹ የነበሩት ነጋዴዎች ደግሞ ገዥ የሚወደውን ያውቁ ስለነበር ባልዲና ብሩሽ ይዘው ነው የጠበቁት። ዛሬ በየሙዚየሙ መስታወት ውስጥ የምናያቸው ቡኒ ሸክላዎች ብዙዎቹ በጊዜ ብዛት ብቻ የደበዘዙ አይደሉም፤ ታጥበውም ነው። ከተረፉት መካከል በፓሪሱ ሎቭር ሙዚየም ያለችው «ሰማያዊዋ እመቤት» ጎልታ ትታያለች። ቁመቷ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሰማያዊው መጎናጸፊያዋ ጠርዙ በወርቅ የተለበጠ ነበር።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ እንምጣ። ለረጅም ጊዜ ቀለምን ለማወቅ ትንሽ መፋቅና በኬሚካል መሞከር የግድ ነበር፤ ይህም ጥቂቱን የተረፈ እንደገና መቀነስ ነው። በእኔ ግምት ነገሩን ከሁሉ በላይ የለወጠው በ2000ዎቹ መጨረሻ ላይ ጆቫኒ ቬሪ የተባለው የጥበቃ ሳይንቲስት ያዳበረው የፎቶ ዘዴ ነው። ምስሉ በጨለማ ክፍል ይቀመጣል፤ የሚበራበት ብርሃን ለምሳሌ ቀይ ብቻ ነው። ካሜራው ውስጥ ያለው ኢንፍራሬድን (ከቀይ በታች ያለውን ለዓይን የማይታይ ብርሃን) የሚከለክል ማጣሪያ ተነሥቶ በምትኩ የሚታየውን ብርሃን የሚያግድ ይገጠማል። ሥዕሉ ሲወጣ ሸክላው፣ ነጩ ልባስ፣ ቀዩ አፈር ሁሉ ይጨልማል፤ ነጠላ የሰማያዊ ቅንጣቶች ግን ሌሊት ከአውሮፕላን እንደሚታይ የገጠር መብራት ብቅ ብቅ ይላሉ። «የግብጽ ሰማያዊ» የሚባለው ቀለም የሚታይ ብርሃን ሲያርፍበት ወደ 910 ናኖ ሜትር አካባቢ ኢንፍራሬድ ይረጫል፤ ይህን ያህል ጠንካራ የብርሃን ምላሽ ያለው የጥንት ቀለም በጣም ጥቂት ነው። በዓይን ምንም የማይታይበት ቦታ ላይ ሳይቀር ለዓይን የማይበቁ ቅንጣቶች ራሳቸውን ያጋልጣሉ። የፓርተኖኑም ሰማያዊ የተገኘው በዚሁ ነው።

ይህ ሰማያዊ ራሱ ታሪክ አለው። ሰው በራሱ እጅ የፈበረከው የመጀመሪያው ቀለም ነው የሚባለው፤ ግብጾች ከ4,500 ዓመት ገደማ በፊት ይሠሩት ነበር። አሸዋ፣ ኖራ፣ መዳብና ናትሮን የሚባለው የሐይቅ ሶዳ ተደባልቀው ከ850 እስከ 1,000 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ለብዙ ሰዓት ይጋገራሉ፤ የሚወጣው የካልሲየምና የመዳብ ሲሊኬት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ315 ዓመት አካባቢ «ስለ ድንጋዮች» የሚለውን መጽሐፍ የጻፈው ግሪካዊው ፈላስፋ ቴዎፍራስቶስ፣ የግብጽን ነገሥታት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ሰው ሠራሽ ሰማያዊ መጀመሪያ ያስሠራው ንጉሥ የትኛው እንደሆነ መመዝገባቸውን ያወሳል። ማለትም የታናግራ ሴቶች በተሠሩበት ዘመን ይህ ቀለም የታወቀ የንግድ ዕቃ ነበር። በግሪኳ ኮስ ደሴት የሔለናዊው ዘመን (ከታላቁ እስክንድር በኋላ ያለው) ቀለም ማምረቻም በቁፋሮ ተገኝቷል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ከግብጽ ብቻ ይመጣ ነበር ማለት አይቻልም።

በ2025 በአሜሪካ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከካርኔጊ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየምና ከስሚዝሶኒያን ጋር ሆነው ይህን ቀለም በ12 ዓይነት አሠራር ዳግም ጋግረውታል። የሚገርመው ውጤት፣ በጣም ሰማያዊ ሆኖ ለመታየት ከውህዱ ግማሽ ያህሉ ብቻ ሰማያዊው ማዕድን ቢሆን በቂ መሆኑ ነው፤ የተቀረው ምንም ቢሆን ለዓይን ለውጥ አያመጣም። ይህን ከአፈጫጨቱ ጋር ደምሩት። ቅንጣቱ ሻካራ ከሆነ ጥልቅ ሰማያዊ ይሆናል፤ ደቅቆ ከተፈጨ ወደ ሰማይ ቀለም ይነጣል። ኬሚስትሪው አንድ ነው፤ ለዓይን ግን ሁለት የተለያየ ልብስ ነው። ይህችን ነጥብ ያዟት፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ሮዙ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ዓይነት ነገር ነው፤ የታናግራ ሴቶችን ልብስ የሚገልጸው እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሚገኘው ሩቢያ ከተባለ ተክል ሥር ነው። የሥሩ ጭማቂ በራሱ የጨርቅ ማቅለሚያ እንጂ የሥዕል ቀለም አይሆንም፤ አልሙኒየም ባለው ጨው ወይም በነጭ አፈር ላይ እንዲያዝ ተደርጎ ሲደርቅ ነው የሚቀባ ዱቄት የሚሆነው። ይህ የጨርቅ አቅላሚዎች ዕውቀት ነው። የሸክላ ምስል ሠሪው ወይ ከእነሱ ገዝቷል፣ ወይ ከእነሱ ተምሯል፤ ለምስሏ ልብስ የቀባው ሮዝ በአደባባይ የምትሄደው ሴት ከለበሰችው ሮዝ ጋር ከአንድ ሥር የወጣ ሊሆን ይችላል። አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍበት ይህ ቀለም ወደ ሮዝና ብርቱካን የሚያደላ ፍካት ይሰጣል። ከሰማያዊው ጋር ተደባልቆ ሐምራዊ የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ ከባሕር ቀንድ አውጣ የሚገኘውን እውነተኛውን ሐምራዊ ለመግዛት አቅም ለሌለው ሰው ጥሩ መላ ነበር።

እዚህ ላይ ግን መሣሪያው ሊያታልል ይችላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሰበሩ ምስሎችን የሚጠግኑ ሰዎች ሼላክ የሚባለውን ሙጫ አዘውትረው ይጠቀሙ ነበር፤ ሼላክም በአልትራቫዮሌት ሥር ብርቱካናማ ሆኖ ይፈካል። ትከሻ ላይ የሚያበራው ነገር የ2,300 ዓመት ሮዝ ነው ወይስ የፓሪስ ጠጋኝ ሙጫ? ይህን ለመለየት ከአሸዋ ቅንጣት ያነሰ ናሙና ወስዶ ክሮማቶግራፊ በተባለው፣ ድብልቅን ወደየንጥረ ነገሩ በሚለይ ዘዴ ማየት ያስፈልጋል። በዚያ አሊዛሪንና ፑርፑሪን የተባሉት የሥሩ ንጥረ ነገሮች ይለያሉ፤ የሁለቱ ድርሻ የተክሉ ዓይነት የትኛው እንደሆነም ይጠቁማል።

ቀዩና ቢጫው ብዙ አያቆየንም፤ በአብዛኛው ብረት ያለበት አፈር ነው፣ በየትም ይገኛል። ሲናባር ሲገኝ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ቴዎፍራስቶስ የሚነግረን ታሪክ ደስ ይላል። ካሊያስ የተባለ አቴናዊ የብር ማዕድን ሰው አሸዋው ስላብለጨለጨበት ወርቅ ያለበት መስሎት ሰበሰበው፤ ወርቁን ቢያጣም የአሸዋው ቅላት ስለማረከው ቀለሙን በማጠብ ማጥራት የሚቻልበትን ዘዴ አገኘ። ማዕድኑ ከኤፌሶን በላይ ካለ ስፍራ፣ ከኮልኪስና ከኢቤሪያም ይመጣ እንደነበር ያው ጸሐፊ ይናገራል። በኋላ በሮማ ዘመን ዋጋው በሕግ ተገድቦ አንዱ ሮማዊ ፓውንድ 70 ሴስተርስ (የሮማ ሳንቲም) እንዲሸጥ ተወስኖ ነበር። እንዲህ ያለው ቀለም ነው በፎርማ ተባዝቶ በወጣ፣ ሠሪው ለስድብ በተጠራበት ሸክላ ከንፈርና ጠርዝ ላይ የሚገኘው። በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ መመርመሪያ ሲጠጋበት የባዚቃው ምልክት ወዲያው ብቅ ይላል።

እነዚህን ምስሎች «ርካሽ ጌጥ» የሚለው የቆየ አነጋገር እኔን የማያሳምነኝ በዚህ ምክንያት ነው። ሸክላው ርካሽ ነበር፤ እሱ አያከራክርም። ከሸክላው በላይ ያለው ስስ ሽፋን ግን የግብጽን የምድጃ ጥበብ፣ የአቅላሚውን ሥር፣ ከባሕር ማዶ የመጣን ማዕድን፣ አንዳንዴም ወርቅን የያዘ ነው። ነጭ እርሳስም አልፎ አልፎ ይገኛል፤ እሱን ለማግኘት የእርሳስ ጥፍጥፍ ኮምጣጤ ባለበት ማሰሮ ላይ ለቀናት ተቀምጦ የሚያበቅለው ነጭ ሻጋታ መሰል ነገር እየተፋቀ፣ እየተፈጨ፣ እየተቀቀለ ነው። ባለፉት ዓመታት በሎቭር በእነ ቪዮሌን ዣሜ የተመራው የታናግራ ጥናት ትኩረቱን ከቅርጹ ወደዚህ ሽፋን ያዞረውም ያለ ነገር አይደለም።

የፎርማው ነገር እዚህ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ከአንድ ፎርማ ብዙ ሴቶች ይወጣሉ። ሠሪው አንገቷን ትንሽ ያዞራታል፣ ማራገቢያ ይጨምርላታል፣ ሌላ ጭንቅላት ይገጥምላታል። ከዚያ በኋላ ግን ዋናው መለያ ቀለሙ ነው። አንዷ ሮዝ ቀሚስና ነጭ መጎናጸፊያ፣ ሌላዋ ሰማያዊ በሐምራዊ ጥለት፣ ሦስተኛዋ ፀጉሯ ወደ ቀይ ያደላ። ከመቃብሩ አጠገብ ሆኖ ይህን ምስል ለሟች የሚያስቀምጥ ሰው የመረጠው ፎርማውን ሳይሆን ቀለሟን ይመስለኛል። ነጋዴው በብሩሽ ሲያጥባት ከጠፋው ውስጥ ይህም አለ፤ የተለያዩ ሴቶች የነበሩት የአንድ ፎርማ ቅጂዎች ሆነው ቀሩ። የጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎችም ለመቶ ዓመት ቅጂዎቹን በፎርማ ዘር ሲመድቡ ኖሩ፤ የተረፈላቸው እሱ ብቻ ነበርና።

የቆዳ ቀለሙ ጉዳይ ደግሞ ለብቻው መነሣት አለበት፤ ዛሬ የሚያጨቃጭቀው እሱ ነውና። በግሪክ ልማድ ሴቶች ነጣ ብለው ወይም ሮዝ፣ ወንዶች ቀይ ቡኒ ሆነው ይቀባሉ፤ ይህ የፆታ ምልክት እንጂ የዘር መለያ አልነበረም። የ18ኛው ክፍለ ዘመኑ ጀርመናዊ የጥበብ ታሪክ ጸሐፊ ቪንኬልማን ነጭ አካል ይበልጥ ውብ ነው ብሎ ከጻፈ ወዲህ ግን የታጠበው እብነ በረድ ሌላ ትርጉም ተጫነበት። እ.ኤ.አ. በ2017 ሳራ ቦንድ የተባለችው አሜሪካዊት የታሪክ ምሁር ይህንኑ ስለጻፈች ብቻ ማስፈራሪያ ደርሶባታል። እኛን በቅርብ የሚነካ ጎንም አለ። በሔለናዊው ዘመን ግሪኮች «አይቲዮፕስ» የሚሏቸው ጥቁር ሰዎች በሸክላ በብዛት ተሠርተዋል፤ በብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት ሁለቱ የሸክላ ቦክሰኞች ከታወቁት መካከል ናቸው። ቀለማቸው ስለለቀቀ ዛሬ የሚታወቁት በፀጉራቸውና በአፍንጫቸው አቀራረጽ ነው። ሠሪው ቆዳቸውን በምን ቀለም፣ ከምን ደባልቆ፣ በምን ያህል ጥንቃቄ እንደቀባ ማወቅ ስለ አመለካከቱ ከአፍንጫው ይልቅ ብዙ ይነግረን ነበር። በየመጋዘኑ ያሉት እንዲህ ያሉ ምስሎች በአንድ መርሐ ግብር ተሰብስበው ቢመረመሩ ትልቅ ነገር ነው።

ቀለሙ ሌላም ያጋልጣል፤ አጭበርባሪን። ገበያው በ1870ዎቹ መጨረሻ ሲግል ሐሰተኛ ታናግራዎችም ተፈለፈሉ። ሸክላው መቼ እንደተተኮሰ በቴርሞሉሚኔሰንስ ይታወቃል፦ በሸክላው ውስጥ ያሉ ክሪስታሎች ከተተኮሱ ጀምሮ ከአካባቢው ጨረር የሚያጠራቅሙት ጉልበት አለ፣ ናሙናው እንደገና ሲሞቅ ያ ጉልበት ብርሃን ሆኖ ይወጣል፤ ትናንት የተሠራ ሸክላ ምንም ያህል አያበራም። ብልጡ ነጋዴ ግን እውነተኛ ጥንታዊ ገላ ወስዶ ከሌላ እውነተኛ ጭንቅላት ጋር አጣብቆ በአዲስ ቀለም ይቀባዋል። ሸክላውን ብትጠይቁት «ጥንታዊ ነኝ» ይላል። የሚከዳው ቀለሙ ነው፤ በርሊን ላይ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተገኘው የፕሩሲያ ሰማያዊ፣ ወይም በ1820ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ የተፈበረከው ሰው ሠራሽ አልትራማሪን ከታየ የግሪክ እጅ የለበትም። በጨለማው ክፍል ፎቶም እነዚህ ሁለቱ አያበሩም። ጥንቃቄ የሚጠይቀው ቲታኒየም ነው። ቲታኒየም ነጭ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ቀለም ስለሆነ መመርመሪያው ቲታኒየም ሲያሳይ «ተያዘ!» ለማለት ይቸኩላል፤ ነገር ግን ጥንታዊው ካኦሊን ራሱ በተፈጥሮው ጥቂት ቲታኒየም አለው። ቁጥሩን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው እውነተኛዋን ሐሰተኛ ሊላት ይችላል።

ኤክስሬዩም የራሱ ዕውርነት አለው። ንጥረ ነገሩን ይቆጥራል እንጂ በየትኛው ንብርብር እንዳለ አይነግርም፤ ጨረሩ ቀለሙን አልፎ ሸክላው ውስጥ ይገባል፣ ሸክላው ደግሞ በብረት የተሞላ ነው። ብረት ሲያገኝ ቀይ ቀለም ይሁን ገላው ይሁን አያውቅም። ሩቢያውን ፈጽሞ አያየውም፤ ዕፅ ስለሆነ። ራማን የሚባለው የሌዘር ዘዴ ውህዱን በስሙ ይጠራል፣ ነገር ግን የመቃብር አፈር ቅሪት በላዩ ካለ ፍካቱ ምልክቱን ይውጠዋል። ስለዚህ አንድ መሣሪያ ይዞ መጥቶ «የታናግራን ቀለም አገኘሁ» የሚል ዘገባ ሲያጋጥማችሁ የቀሩት መሣሪያዎች ምን አሉ ብላችሁ ጠይቁ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሰው የሚጠብቀው መልሶ የተቀባ ቅጂ ነው። የጀርመኑ ቪንሴንስ ብሪንክማን እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በሙኒክ አስጀምሮ ዓለምን ያዞረው በቀለም የተቀቡ ቅጂዎች ትርኢት፣ በ2022 በኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም የቀረበውም ተመሳሳይ ትርኢት የሰውን ዓይን ከፍተዋል። እኔ ግን ከሚተቹት ጋር ነኝ። የግብጹ ሰማያዊ ሻካራ ነበር ወይስ የላመ የምትለውን ነጥብ አስታውሱ፤ ለአንድ ሜዳማ ደማቅ ቀለምና ለብዙ ድርብ ስስ ቀለም ኬሚካላዊ መልሱ ያው ሊሆን ይችላል። ኒኪያስ በፕራክሲተለስ ሐውልት ላይ ያሳረፈው እጅ የግድግዳ ቀቢ እጅ አልነበረም። ተመልካች ግን የሚያስታውሰው ያየውን ቅጂ ነው፤ ከሥሩ የተጻፈውን «ግምት» የሚል ማስታወሻ አይደለም። በሸክላ ምስሎቹ ላይ ሁኔታው ይሻላል፤ እጥፋት ውስጥ ጥላው፣ ጠርዙ ላይ ደማቁ አንዳንዴ እንደተቀባ ተርፏልና። ለዚህ ነው ቅጂ የሚሠራ ሰው ከፓርተኖን በፊት ከታናግራ መማር የሚገባው።

ትልቁ ያልተፈታ ነገር ማጣበቂያው ነው። ቀለሙ በእንቁላል ነው የተበጠበጠው ወይስ በሙጫ? የመልኩ ብሩህነት፣ ፍካቱ፣ ድፍንነቱ ሁሉ የሚወሰነው በዚህ ነው። የፕሮቲን ቅሪትን ከጥቃቅን ናሙና የሚለዩ ዘዴዎች አሁን አሉ፤ የሚያስቸግራቸው የሙዚየሞቹ ሥራ ነው። አሮጌ ጠጋኞች የቆዳ ሙጫ ቀብተዋል፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የሚረግፈውን ለማቆየት ሰው ሠራሽ ሬዚን (እንደ ሙጫ የሚይዝ ነገር) ተረጭቷል። ፕሮቲን ሲገኝ የጥንቱ ሠዓሊ ይሁን የሙዚየሙ ጠጋኝ በእርግጠኝነት መናገር ይከብዳል። ንጹሕ መልስ የሚገኘው ማንም ባልነካው ምስል ላይ ነው፤ በመልካም የታጠቡትን ሳይሆን ቁፋሮ ላይ ከነአፈራቸው የተነሡትን፣ ወይም በመጋዘን መሳቢያ ውስጥ ውበት የላቸውም ተብለው ጭቃቸው ሳይለቅ የቀሩትን ማለቴ ነው። ለዚህም አንዳንድ የቁፋሮ ቡድኖች የሸክላ ምስል ሲያገኙ ብሩሽና ውሃውን አቆይተው መጀመሪያ በቦታው ፎቶ ያነሱታል፤ ከላዩ የሚነሣውን አፈርም ቀለም ሊኖርበት ይችላል ብለው በመለያ ከረጢት ያስቀምጡታል።